ቡፌ ላይ ያደረችው የውድድር መኪና

እኔ ባለመኪና ነኝ። ለዚያውም የአንድ አይደለም፤ ብዙ አሉኝ፣ ሁሉም የውድድር መኪናዎች ናቸው። ነዳጅ ማደያ አሰልፈውኝ አያውቁም፤ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟቸው አያውቅም፤ ጎማቸውን የሚፈታ ሌባም ገና አልተወለደም። የሚያድሩት ሳሎናችን ውስጥ ቡፌው ላይ ነው፣ ባለቤቴ ትርሲት ለክብር እንግዳ ብቻ ከምታወጣቸው ብርጭቆዎች ጎን። የትልቋ ርዝመት አንድ ስንዝር ነው።

ሳቁ፤ ግድ የለም። እስከ ዛሬ የሳቀብኝ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ቢወጣ የአየር ጤናን አደባባይ ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ይህን ወግ የማወጋችሁ አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ ደረቴን ነፍቼ ነው።

ነገሩን ያመጣው የመብራት መጥፋት ነው። አየር ጤና ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። መብራት ሲሄድ ማሽኖቹ ያርፋሉ፤ እኔ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አነሳሁና ቆርጬ ዘረጋሁት። በማግስቱ መብራት ሲጠፋ አጎበጥኩት። ሰንበትበት ሲል የመኪና አፍንጫ መሰለ፤ እኔም በዚያው ተለከፍኩ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ሲያማርር ደስ የሚለው እኔን ብቻ ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። እውነተኛዋን መኪና ሃያ አራት ጊዜ አሳንሳታለሁ፤ ከዚህ ልክ የወጣች መኪና መጫወቻ ናት፣ በዚህ ቀልድ አላውቅም። አካሏ ከወተት ቆርቆሮ፣ ጎማዋ ከነጠላ ጫማ ሶል፣ የጎማዎቹ ዘንግ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። መጋጠሚያዋን ብረት በከሰል አግዬ በስታኞ እበይደዋለሁ። መቀመጫዋ ከትርሲት አሮጌ ቦርሳ ቆዳ ይወጣል፤ ቦርሳው አሮጌ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ እስካሁን አልተስማማችም። ቀለሙ ደግሞ የጥፍር ቀለም ነው። የማን ጥፍር እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እንግዲህ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ደጀኔ የትርሲት አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ሆነው ነው የሠሩት። ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና እየተጎተተ ይመጣላቸዋል፤ እሳቸው በመዶሻ እያባበሉ ወደ ልጅነቱ ይመልሱታል። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ ሳንሱሲ ነው ቤታቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ፎቶ አንዲት ጥግ ይዟል፤ የቀረው ግድግዳ በሙሉ ያቃኗቸው መኪናዎች ፎቶ ነው። ለምን ሲባሉ «ልጅማ ሁሉም ሰው ይወልዳል» ይላሉ።

እኚህ ሰው እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የትርሲት ባል» ነኝ። መኪናዎቼንም አንድ ቀን ቀርበው አላዩአቸውም። ቤታችን ሲመጡ ቡፌውን ከሩቅ በአገጫቸው ያሳዩና «የትርሲት ባል እቃቃውን አልተወም?» ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራሉ። እቃቃ! ሕፃናት በጠርሙስ ክዳን ወጥ የሚሠሩበት እቃቃ! ሌላ ሰው ቢለኝ አይከነክነኝም። ላሜራ የሚያውቅ ሰው ሲለኝ ግን ያመኛል፤ የምሬን ነው፣ ያመኛል። እናም አንድ ምኞት አደረብኝ። ከመኪናዎቼ የአንዷ ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጋሽ ደጀኔ «ይሄ ሥራ ነው» ሲሉ መስማት። ቆርቆሮውን ባያዩ ፎቶውን ያዩ ይሆናል ብዬ ነው።

ለዚህ የታጨችው ቀይዋ ናት። ባለ አንድ መቀመጫ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ከፊትም ከኋላም ክንፍ ያላት። ክረምቱ በሙሉ በእሷ አለቀ። አፍንጫዋን ከአንድ ወጥ ቆርቆሮ በማንኪያ ጀርባ ቀጥቅጬ ነው ያወጣሁት፤ አንድም ቦታ አልቀጠልኩትም። ስጨርሳት አይቼ አይቼ አልጠግባት አልኩ። ምግብ ስበላ ከፊቴ አስቀምጣት ነበር፣ ትርሲት «ለእሷም ላቅርብላት?» እስክትለኝ ድረስ።

ቀጥሎ ካሜራ። ስልክ የለህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለኝ፤ ዓይኑ ግን ከተጫረ ቆይቷል፣ ዓለምን የሚያየው በጭጋግ ውስጥ ነው። ቀይዋን ባነሳበት ጉም ውስጥ የወደቀች ቲማቲም አስመሰላት። ስለዚህ ቀይዋን በፎጣ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ አስገባሁና አየር ጤና አንድ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ።

«ለምን ሥራ ነው?» አለኝ ሻጩ፣ ጸጉሩን ያንጨባረረ ወጣት።

«መኪና ላነሳበት።»

«ልትሸጣት ነው?»

«ኧረ አልሸጣትም! ለክብር ነው።»

«አሪፍ። የት ነው ያቆምካት?» አለና አንገቱን አስግጎ አስፋልቱን ያይ ጀመር።

«እዚህ ናት» ብዬ ከፌስታሉ አወጣኋት።

ልጁ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መኪናዋን አየ። ነጋዴ ነውና ሳቁን ዋጠው። ከመስታወቱ ውስጥ አፈሙዟ እንደ መድፍ የረዘመ አንዲት ካሜራ አወረደ። «ይቺ የሰርግ ናት፤ ከእሷ በላይ የለም» አለኝና ቀይዋን ባንኮኒው ላይ አቁሞ ቀጭ አደረጋት። አየሁት። የፊት ክንፏ ቁልጭ ብሏል፤ ከዚያ በኋላ መኪና የለም፣ ቀይ ጭስ ነው ያለው።

«የኋላ ጎማዋስ?»

«ደብዝዞልሃላ! ሰው እኮ ብሩን የሚከፍለው ኋላው እንዲደበዝዝለት ነው።»

እውነቱን ነው። ሙሽራ ስትነሳ ከኋላዋ ያለው ድንኳን፣ ድስትና የሰከረ አጎት ቢደበዝዝ ደግ ነው። እኔ ግን የኋላ ክንፏን ስቀጠቅጥ አውራ ጣቴ ጠቁሯል፤ ጥፍሬን የሰጠሁለትን ነገር ጭስ አድርጎ ሊሸጥልኝ? እምቢ አልኩ። ልጁ ሌላ አወጣ፤ የባሰ። ሌላ አወጣ፤ ያኛውማ እንዲህ ተጠግተህ አላይም ብሎ ጭራሽ እምቢ አለ። ካሜራው ትልቅ በሆነ ቁጥር የኔ መኪና መጫወቻ ትመስላለች። ገበያተኛው ከጀርባዬ ተሰልፏል፤ አንዲት ቻርጀር ልትገዛ የመጣች ሴት «ለልጅህ ነው?» አለችኝ። «ለራሴ ነው» አልኳት። ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

በመጨረሻ ከሪሞትና ከቻርጀር ክምር ሥር አንዲት የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል አሮጌ ካሜራ ብቅ አለች። ቁልፏ ላይ ትንሽ የአበባ ምልክት አለ። ልጁ «ይቺ የቅርብ ነገር ማንሻ ናት፤ ግን የድሮ ናት፣ ተዋት» አለኝ። ወደ አበባው አዙሬ ቀጭ አደረግኩ። እናንተዬ! አፍንጫዋ አለ፣ መሪዋ አለ፣ አራቱም ጎማ አለ፣ የኋላ ክንፏም እንዳለ አለ። ትንሿን ነገር ትልቅ አድርጎ ያየልኝ ትንሿ ካሜራ ናት። «ይቺን» አልኩት። ልጁ አዘነልኝ፤ ማሰሪያ ገመድ መረቀልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀራንዮ ቤታችን በር ላይ ሥራ ጀመርኩ። አስፋልት የሚመስል ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ጣውላ ላይ ለጠፍኩ፣ ጣውላውን ዱካ ላይ አስተካከልኩ፣ ቀይዋን ከላይ አቆምኩ። ከሩቅ እውነተኛው አስፋልትና የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ አረንጓዴ በር ይታያል። ዓይኔን ከጎማዋ ጋር እኩል ካላደረግኩ እውነተኛ ስለማትመስል በሆዴ መሬት ላይ ተኛሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንዳልንቀጠቀጥም ትንፋሼን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫዬ ሥር የድኝ ሽታ መጣ። ቀና ስል አንድ የማላውቃቸው መንገደኛ ክብሪት ጭረው ያሸቱኛል።

«አይዞህ ልጄ፣ ይለቅሃል» አሉኝ።

«አባባ፣ አልወደቅኩም፤ ፎቶ እያነሳሁ ነው!»

መኪናዋን አዩአት። ከዚያ ሌላ ክብሪት ጫሩ።

ፎቶው ግን ወጣ! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አላየሁም። ቀይ የውድድር መኪና፣ ቀራንዮ አስፋልት ላይ፣ ከእትዬ አስካለ በር ፊት ቆማለች። ስልኬ ላይ አስገባሁትና ለማን ላሳይ እያልኩ ስቁነጠነጥ የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ታየኝ። እዚያ ከቀብርና ከስብሰባ በቀር ተለጥፎ የሚያውቅ ነገር የለም፤ ሰዉ ግን ሁሉ ያየዋል። ለጠፍኩት። ሥራው ራሱ ይናገር ብዬ አንድም ቃል አልጻፍኩበትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ አንድ ሌሊት ሳያድር ነቀዘ።

መጀመሪያ የጻፉት የእድራችን ዳኛ ጋሽ መንገሻ ናቸው። «እንኳን ደስ አለህ! ልፋትህን እግዚአብሔር አየልህ።»

«አሜን፤ ሁሉም በእናንተ ጸሎት ነው» አልኩ፣ ዓይኔ እንባ ሊያቀርር ምንም ሳይቀረው።

እትዬ አስካለ ቀጠሉ። «ቀይ መሆኗ ደግሞ! የልጄ የሊያ ሰርግ ደርሷል እኮ፤ አትከለክለኝም አይደል?» ኬኩ አጠገብ ሊያስቀምጧት መስሎኝ «ምን ገዶኝ! ለሊያ ያልሆነች ለማን ልትሆን?» አልኳቸው። ሌላው «ዓይን እንዳይገባት ሸፍናት» አለኝ። «በፎጣ ነው የምሸፍናት» አልኩት፤ እውነቴን ነው። እስከ ማታ ምስጋና ስቀበል ዋልኩ። ሰው ለካ የእጅ ሥራ ያከብራል፣ አገሬን ሳላውቃት ኖሬአለሁ ብዬ ተኛሁ።

እሑድ ትርሲት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«ምንድን ነው የገዛኸው?»

«ካሜራ» አልኩ ደንግጬ።

«ካሜራ? የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ሁሉ ‹እንኳን ለመኪና አበቃሽ› እያለ እጄን ሲጨብጠኝ ነው የመጣሁት! አንዷማ መንጃ ፈቃድ አውጪ ብላ መከረችኝ።»

ስልኬን ከፍቼ የትናንቱን ሁሉ እንደገና አነበብኩ። ያው ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። ትርሲት «አሁኑኑ ጻፍላቸው» አለችኝ። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ መኪናዋ…» ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ መንገሻ በክብር ካፖርታቸው ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፣ እትዬ አስካለ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ታቅፈው ከኋላ። መኪና ሊመርቁ ነው የመጡት። ግቢያችን የውሃ በርሜልና የልብስ ገመድ ይዞ ሞልቷል፤ እንኳን መኪና ጋሪ አያስገባም። አራቱም አንገታቸውን እያዞሩ ፈለጉ።

«የት አቆምካት?» አሉ ጋሽ መንገሻ።

አፌን ሳልከፍት ከበሩ ድምፅ መጣ። «የትርሲት ባል! መኪና ሲገዛ ባትላሜራ አይጠየቅም? እኔ ሞቻለሁ?»

ጋሽ ደጀኔ ናቸው። ሳንሱሲ ድረስ ወሬው ደርሷል። ሰላምታም አላሉ፤ ከኮታቸው ኪስ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አውጥተው እንደ ሽጉጥ ያዙት። ማግኔቱን ሰፈሩ ያውቀዋል። የተጋጨ መኪና በደንብ ሳይቀጠቀጥ ጉድጓዱ በስቱኮ ተለቅልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ እንደ ደህና ይሸጣል፤ ማግኔት ላሜራ እንጂ ስቱኮ አይዝም። ስንት ሰው በዚያች ማግኔት ከኪሳራ ድኗል።

«አሳየኝ» አሉ። «በስቱኮ ሸውደውህ ከሆነ ዛሬውኑ ትመልሳታለህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ የሰፈሩ መሳቂያ መሆኔ አይደለም። እቃቃ ያሉኝ ሰው፣ እቃቃውን በገዛ እጄ የሰው ሁሉ መዘባበቻ አድርጌው ማየታቸው ነው።

«ቡፌ ላይ ናት» አልኩ።

«ምን ላይ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ገባንና ቀይዋን ከፎጣዋ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ፣ ከድፎው አጠገብ አስቀመጥኳት። ድፎው በጣም ይበልጣታል። ጋሽ መንገሻ መነጽራቸውን ወልውለው አንድ ጊዜ ስልካቸውን፣ አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን አዩ። «የአስካለ በር እኮ ከኋላዋ ይታያል!» አሉ። «ካሜራው ነው፤ የአበባ ምልክት አለው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ያቺን ነጠላ መቀመጫ መረመሩ። «እኔ እኮ ሌሊቱን ስጨነቅ ነው ያደርኩት» አሉ። «መቀመጫዋ አንድ ብቻ ነው፣ ሙሽራው የት ሊሆን ነው እያልኩ። ለካ ለሊያ ተረከዝም አትበቃም!»

በዚህ ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ፤ ትርሲትም፣ የኔዋ ጉድ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ያልሳቁት ጋሽ ደጀኔ ብቻ ናቸው። ማግኔቱን እንደያዙ ቀይዋን ይመለከታሉ። እጅ ልማዱን አይተውም መሰለኝ፣ ማግኔቱን ቀስ ብለው ወደ አፍንጫዋ አስጠጉ።

ጠቅ! ያዘ።

አላቀቁት፤ ጎኗ ላይ አደረጉት። ያዘ። የኋላ ክንፏ ላይ። ያዘ። እንደገና አፍንጫዋ ላይ አድርገው እጃቸውን ሲያነሱ ቀይዋ ከማግኔቱ ጋር ተንጠልጥላ ከጠረጴዛው ተነሳች። ሳቁ ቆመ።

«ስቱኮ የለባትም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው።

«የለባትም ጋሼ።»

«ይሄ ኩርባ ወጥ ላሜራ ነው?»

«ወጥ ነው። አልቀጠልኩትም።»

«በምን አወጣኸው?»

«በማንኪያ ጀርባ፤ ከሥር ጨርቅ አድርጌ።»

መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አገላበጧት፣ በጥፍራቸው አንኳኩ። «የኋላ ክንፏ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ፣ እሱ…»

«ይቃናል።»

ይህን ሲሉኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሰርጌን ጨምሮ፣ ትርሲት ይህን እንዳታነብ። «ይቃናል» የሚባለው ለመኪና ነው፤ ለእቃቃ ይቃናል ብሎ የሚናገር ባትላሜራ የለም።

ለምርቃት የመጣ ዳቦ ደግሞ ሳይመረቅበት አይመለስም። ጋሽ መንገሻ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። «መንገዷን ያቅናላት! ከክፉ ዓይን ይሰውራት! ከግጭት ይጠብቃት!» አንዱ ሽማግሌ «ከድመትም» ብለው ጨመሩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው፤ ድፎው ደግሞ ለስላሳ ነበር።

ክንፏን ለማቃናት ቀይዋን ይዤ ሳንሱሲ ስሄድ ጋሽ ደጀኔ «ያንን ፎቶ አሳጥበህ አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። ግድግዳው ሞልቶ ስለነበር ቦታ ለመልቀቅ አንድ ፎቶ መውረድ ነበረበት፤ የወረደው የእኔና የትርሲት የሰርግ ፎቶ ነው። ትርሲት አኮረፈች። እኔ ቅር አላለኝም። «ይሄ ሥራ ነው» የምትለዋን ቃል ግን ገና አልሰማኋትም።

የሊያ ሰርግ ደረሰ። እትዬ አስካለ «ቀይዋ መኪና ትመጣለች ብዬ ለሙሽራው ወገን ተናግሬአለሁ፤ አላፍርም» ብለው ድርቅ አሉ። ስለዚህ ነጯ የሙሽራ መኪና አበባ ለብሳ ስትቆም፣ ጋሽ ደጀኔ ያቺን ማግኔት ከቀይዋ ሆድ ሥር አድርገው ኮፈኑ ላይ፣ አበባው መሃል ለጠፏት። ነፋስም አላነቃነቃት።

ፎቶ አንሺው ባለ አፈሙዙን ካሜራ ደቅኖ ሲጠጋ አማቴ እጃቸውን ከመስታወቱ ፊት ጋረዱበት። «በዚህ ኋላዋን ጭስ ታደርግብናለህ! የትርሲት ባል፣ ባለ አበባዋን አምጣት!»

አዲሱን ሱፌን ለብሼ፣ ሚዜና አጃቢ እያየኝ፣ ቀይዋን ከነኮፈኑ ከሥር ላገኛት አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ከበላዬ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ «ኧረ ሰው ወድቋል!» ወዲያው ክብሪት ሲጫር ተሰማኝ፣ ድኙም ሸተተኝ። ልነሳ ስል የጋሽ ደጀኔ እጅ ትከሻዬን ተጫነኝ።

«ክብሪትህን አጥፋው ወንድሜ» አሉ። «አማቼ ሥራ ላይ ነው።»